ቀይ ገበር

ልብስ ሰፊው ደም ሲያስለው የሚተፋው በቀይ የገበር ቁርጥራጭ ላይ ነበር፤ ቀይ በቀይ ላይ አይታይማ! ሲደርቅ እንደሚጠቁር ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የዳበሰ ሰው እንዴት ይጠፋዋል? ብቻ ጠፋው። ከስፌት መኪናው ሥር ካለው ከረጢት ይወረውርና ሥራውን ይቀጥላል። ደግነቱ ገበሩ አላልቅ ብሎለት ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት የገዛ ሰውነቱ በሽታ መከላከያ በደም ሥሮቹ ላይ ተነስቶ ሁለቱንም ኩላሊቶቹን ጨረሰበት። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ነው። አሁን፣ ሱቁ ውስጥ አብራው ቁልፍ የምትተክለውና የምትተኩሰው ታላቅ እህቱ አንድ ኩላሊቷን ልትሰጠው ቀን ተቆርጧል፤ አሥራ ሁለት ቀን ቀረው። በሽታው ካገረሸ ግን ቀኑ ይሰረዛል፤ የምታክመው ሐኪም አስረግጣ ነግራቸዋለች።

«ኩላሊቴን በልቶ ጨርሶ ምን ሊፈልግ ይመለሳል?» ይል ነበር ለራሱ። «ብርድ ነው።» በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቶ አያውቅም መሰላችሁ? ሰምቷል እንጂ።

ሰኞ ጠዋት እጥበት ላይ እያለ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ነርሷ አፉን ስትጠርግለት ነጩ ጨርቅ ቀላ። ወዲያው ራጅ አነሱት።

«ቤቱን የጨረሰ እሳት ወደ ጎረቤት አይሻገርም ያለዎት ማነው?» አለች ሐኪሟ ተቆጥታ። «በሽታው ሳንባዎ ውስጥ ገብቷል። ዛሬውኑ ከባድ መድኃኒት እንጀምራለን፤ እሱ ደግሞ በሽታ የመከላከል አቅምዎን ስለሚያወርደው ትንሽ ጉንፋን እንኳ ሊጥልዎት ይችላል። ንቅለ ተከላው ለብዙ ወራት ቀርቷል። መቼ ነው የጀመረዎት?»

«ዛሬ» አለ። ከዚያ ከአልጋው ግርጌ የቆመችውን እህቱን አየ። «ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ይቅር በይኝ እትዬ፣ ደብቄሽ ነው። ከመኪናው ሥር ያለውን ከረጢት ብታዪው...»

«ባዶ ነው» አለች እህቱ።

«እንዴት ባዶ?»

«ያንተን ጨርቅ ማን የሚያጥብልህ መሰለህ?» እንባዋ መጣ። «የመጀመሪያውን እንዳየሁ ገባኝ። ቀኑ እንዳይሰረዝብህ ብዬ... እያጠብኩ ከገበሩ ጋር እመልስልህ ነበር።»

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። ልብስ ሰፊው እህቱን አንድ ነገር ሊላት አፉን ሲከፍት ሳሉ ቀደመው። እህቱ ደንግጣ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ ታጥቦ የተተኮሰ ቀይ ጨርቅ አቀበለችው።