ፎርማት አይደረግም!

«ለምን» የሚለውን ስም ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። ሒሳብ ባስተማረችባቸው ሠላሳ አንድ ዓመታት፣ መልሱን ብቻ ጽፎ ለሰጣት ተማሪ ሙሉ ማርክ ሰጥታ አታውቅም። «አሥራ ሁለት» ሲሏት «ለምን?» ትላለች። «ታዲያ ትክክል አይደለም እንዴ?» ሲሏት «ትክክልማ ነው፤ ግን ለምን?» ጡረታ ስትወጣ ስሙም አብሯት ወጣ። አሁን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «መምህርት ለምን» ሲላት አቤት ትላለች።

ባሏ አናጢ ነው። ባለፈው ዓመት ጉሮሮው ላይ እጢ ተገኘና፣ ሐኪሞቹ ድምፅ የሚያወጣበትን አካል ከነጭራሹ ሊያወጡት እንደሆነ ነገሩት። ቀዶ ሕክምናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው መምህርት ለምን ባሏን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጣ ታስወራው ጀመር። ልጅነቱን፣ ሙያ ያስተማረውን ሰውዬ ጠባይ፣ እንጨት እንዴት እንደሚመረጥ፣ በሠርጋቸው ማግስት የተጣሉበትን ምክንያት፣ ሁሉንም ቀዳችው። ሰልችቶት ሲቆጣ ቁጣውንም ቀዳችው።

ዛሬ ባሏ ደህና ነው። ይሠራል፣ ይበላል፣ ትከሻው እስኪነቃነቅ ይስቃል። የሚያወራው ግን በጽሑፍ ነው፤ ትንሽ ደብተርና እርሳስ ከሸሚዙ ኪስ አይጠፉም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ «ሲስተሙን ላድስ?» ብሎ ጠየቃት። እሺ አለችው። ሠላሳ አምስት በመቶ ላይ ደርሶ ቆመ። ቁርስ አቅርባ ተመለሰች፤ ሠላሳ አምስት። ልብስ አጥባ አስጥታ ተመለሰች፤ ሠላሳ አምስት። እኩለ ቀን ላይ ስክሪኑ ድርግም አለና ተመልሶ ሲበራ «ማደሱ አልተሳካም። ወደ ነበረበት በመመለስ ላይ። ኮምፒውተሩን አያጥፉ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ጠፋ፣ በራ፣ ያንኑ ጻፈ። ደግሞ ጠፋ፣ ደግሞ በራ። ለምን ወንበር ስባ አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠረችና ስልኳን አነሳች።

ልጇ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው።

«እማዬ፣ ቅጂ አለሽ? ሌላ ቦታ ያስቀመጥሽው?»

«የለኝም።»

«ስንቴ ነገርኩሽ!»

«መንገሩንስ ነግረኸኛል። አሁን የሚጠቅም ነገር ካለህ እሱን ንገረኝ።»

«ጥገና ቤት ውሰጂው። ካልሆነም ምን ታደርጊዋለሽ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባዬ ድኗል እኮ፤ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ድምፁ ቢቀርስ?»

«ላንተ ይቅርልህ» አለችና ዘጋችው።

ጥገና ቤቱ ውስጥ የተበላሹ ኮምፒውተሮች እንደ ጡብ ተደርድረዋል። ጠጋኙ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ማሽኑ ሁለቴ ሲጠፋና ሲበራ አየና ፍርዱን ሰጠ።

«ፎርማት ነው መድኃኒቱ። ጠርገን አዲስ እንጭንልዎታለን፤ ነገ ይውሰዱት።»

«ውስጡ ያለውስ?»

«ይጠፋል።»

«ማደሱ ለምን እንዳልተሳካ ንገረኛ መጀመሪያ።»

ትከሻውን ሰበቀ። «ኮምፒውተር ነው መምህር። አንዳንዴ ዝም ብሎ እምቢ ይላል።»

«አህያ እንኳ ዝም ብላ እምቢ አትልም! ወይ ጭነት በዝቶባታል፣ ወይ ጀርባዋ ቆስሏል።»

«በዚህ ዕድሜዎ በሆነ ባልሆነው ራስዎን ባያደክሙ…»

ይሄኛው ነው ያበገናት። ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን ልጅ አቀፈችው። «ፎርማት አይደረግም!» ስትል ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞር አሉ። «ምክንያቱን ሳታውቅ የምትጠርግ ከሆነ፣ መጥረጊያ ይዘህ መንገድ ላይ ውጣ። እዚያ ቢያንስ የምትጠርገውን ታየዋለህ።»

ቤት ገብታ የሒሳብ ደብተር አወጣች። ስክሪኑ ላይ ለአፍታ ብልጭ የሚለውን የስህተት ቁጥር በአራተኛው ዙር ጽፋ ጨረሰችው። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ በስልኳ ታነብ ጀመር። ያልገባትን ቃል እያሰመረች፣ ደግማ እያነበበች እስከ ማታ ቆየች። በማግስቱ ጠዋት ባሏን ጠርታ እቅዷን ነገረችው፦ ማሽኑ ሊነሳ ሲል ሦስት ጊዜ በኃይል ማጥፋት፤ አራተኛው ላይ የጥገና ገጽ ይመጣል።

ባሏ በድንጋጤ ስክሪኑ ላይ ጠቆማት። «አያጥፉ ይላል» ብሎ ጻፈ።

«ይበል ተወው! ከትናንት ጀምሮ እኔን ሲያጠፋኝ ማን ተው አለው?»

ሦስቴ አጠፋችው። በአራተኛው ሰማያዊ ገጽ መጣ። የመጀመሪያውን ምርጫ ሞከረች፤ «መጠገን አልተቻለም» አላት። አዲሱን እድሳት አስወግድ የሚለውን ሞከረች፤ እሱም አልተቻለም። ሁለቱንም ደብተሯ ላይ ሰረዘቻቸው። የቀረው ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት ጥቁሩ ገጽ ነበር። በአንድ ጣቷ ፊደል በፊደል ጻፈች።

ኮምፒውተሩ ትእዛዙን አላውቀውም አላት።

«እኔም አላውቅህም፤ ዛሬ እንተዋወቃለን።»

በአምስተኛው ሙከራ ነጫጭ ስሞች ከላይ ወደ ታች ተንዠቀዠቁ። «ልጅነት»። «ጥድና ዝግባ»። «ሠርጋችን»። «ቁጣ ሁለት»። ጩኸቷን ስትለቀው ባሏ መላጊያውን እንደያዘ ከሥራ ክፍሉ ሮጦ መጣ።

«አሉ! አንዱም አልጠፋም!»

ከስሞቹ ሥር አንዲት መስመር ነበረች፤ በዲስኩ ላይ የቀረውን ባዶ ቦታ የምትናገር። ለምን ቁጥሩን ደጋግማ አየችው። ምንም አልቀረም ማለት ይቻላል። የድምፅ ቅጂዎቹ ምን ያህል ቦታ እንደያዙ ደመረችና እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ድምፁ ጥርት ብሎ እንዲቀመጥ ብላ ከሁሉ ትልቁን ጥራት የመረጠችው ራሷ ናት። አዲሱ ሲስተም ዕቃውን የሚያራግፍበት ቦታ አጣ፤ ልመለስ ሲልም መዞሪያ አጣ።

«አየህ? ቤቱን የሞላኸው አንተ ነህ!»

የባሏ ትከሻ ተነቃነቀ። «አስለፈለፍሽኝ፤ ለፈለፍኩ» ብሎ ጻፈ።

ሁለት ፍላሽ ገዝታ መጣችና ሃያ ሦስቱን የድምፅ ቅጂዎች በዚያው ጥቁር ገጽ በትእዛዝ እየገለበጠች ወደ ፍላሾቹ አሻገረች። ለኮምፒውተሩ ቦታ ለመልቀቅ ግን ዋናዎቹን ማጥፋት አለባት። ሳታረጋግጥ እንዴት ታጠፋለች? ፍላሾቹን ጨብጣ ማዕዘኑ ላይ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄደች። ፋርማሲስቱ የድሮ ተማሪዋ ነው።

«እስቲ እነዚህን ክፈትልኝ።»

«ለምን?» አለ እየሳቀ። ወዲያው ግን ፊቷን አየና ፍላሹን የመድኃኒት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሰካ።

መድኃኒት ሊገዙ የቆሙት ሰዎች መሃል የባሏ ድምፅ ወጣ፤ ወፍራም፣ ትንሽ የሻከረ። «ይሰማል? እሺ። እንጨት መዋሸት አይችልም። ብትቀባው፣ ብታለሰልሰው፣ ዝናብ ሲመታው የሆዱን ያወጣል…» አንዲት ሴትዮ ማን ነው ብላ ጠየቀች። «ባሌ ነው» አለች ለምን።

የእያንዳንዱን መጀመሪያና መጨረሻ ሰሙ። ሃያ ሁለቱ ተከፈቱ። «ሠርጋችን» አልከፈት አለ።

«መምህር፣ አንድ ቢጎድል እንግዲህ…»

«ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት አይደለም። ይህን እኔ ነኝ ያስተማርኩህ።»

ቤት ተመለሰች፣ ያንን አንዱን ደግማ ገለበጠችው፣ ያንኑ መንገድ ደግማ ሄደች። ተከፈተ።

ማጥፊያውን ትእዛዝ ጽፋ ስትጨርስ ግን ጣቷ አልታዘዝ አላት። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ፈራች። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ትንሽ ጠበቃት። ከዚያ እጇን ወደ ጎን ገፋ አደረገና ቁልፉን ራሱ ተጫነው።

ኮምፒውተሩ እንደገና ተነሳ፤ ወደ ነበረበት ተመለሰና ተከፈተ። እድሳቱን እንደገና አስጀመረችው። ሠላሳ አራት። ሠላሳ አምስት። ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ሠላሳ ስድስት!

«እሰይ!» አለችና ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው። መቶ እስኪሞላ ከወንበሯ አልተነሳችም።

በማግስቱ ጥገና ቤቱ በር ላይ ቆመች። «ቦታ ሞልቶ ነው» አለችው ጠጋኙን። «በሌላው ሰው ኮምፒውተር ላይ ከመፍረድህ በፊት መጀመሪያ እሱን እይ።» ጠጋኙ አንገቱን ቢያቀረቅርም ብዕር አንስቶ የሆነ ነገር ጫረ። ልጇም ደውሎ «እውነትሽን ነው?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቃት። ሦስቱንም ጊዜ በደስታ መለሰችለት።

አመሻሹ ላይ ገበታው ከተነሳ በኋላ «ልጅነት» የሚለውን ከፈተች። ባሏ እጁን አጣምሮ ጥቂት አዳመጠ። ከዚያ ድምፁን ቀነሰውና ደብተሩን አወጣ።

«ይሄ ሰውዬ ወሬ ያበዛል። ደግሞ ሁሉን አልተናገረም።»

«ምን አስቀረ?»

«አባቴ መጋዙን የቀማኝን ቀን። አፍሬ ዘለልኩት።»

ለምን ኮምፒውተሩን አጠፋችና ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። ባሏ እርሳሱን በቢላዋ ቀረጸ፣ አዲስ ገጽ ገለጠ፣ መጻፍ ጀመረ። ፊደሎቹ የሚያመልጧት ይመስል፣ በትከሻው ላይ አንገቷን አስግጋ ቃል በቃል ታነበው ጀመር።