ቶሎ የሞተው ቅጠል

አባቷ ስልክ ባነሱ ቁጥር «ዶክተሬ» ይሏታል። ዶክተር አይደለችም፤ በምርምር ጣቢያው የፕላስቲክ ቤት ውስጥ በርበሬ የምታጠጣ፣ የታመመውን የምትነቅል ሠራተኛ ናት። ማዕረጉ ስለጣማት ግን አንድም ቀን አርማቸው አታውቅም።

ባለፈው ዓመት ባክቴሪያ የአባቷን በርበሬ ጠራርጎ ሲጨርሰው አንድ እግር ብቻ ተረፈች። ዘሯን ለቀሙና ግማሹን በጨርቅ ቋጥረው ላኩላት፤ ግማሹን ይዘው «አንቺ ፈትሺልኝና እዘራዋለሁ» አሉ። አለቃዋን ለምና ከገበያ ከተገዛ ዘር ጎን ተከለችው።

ቅጠሉ ሲደርስ አለቃዋ የትኛው እንደሚቋቋመው ለማየት መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ባክቴሪያውን በሁለቱም እያንዳንዱ ቅጠል ውስጥ አስገባ። «ሁለት ሳምንት የለሁም። የታመመ እንዳያድር» ብሏት ወደ ስብሰባው ሄደ። ምን መጠበቅ እንዳለባት አልነገራትም። ለውሃ አጠጪ ማን ያስረዳል!

በማግስቱ ጠዋት የአባቷ በርበሬ ባክቴሪያው የገባበት ቦታ ሁሉ ሞቶ ደርቋል። የገበያው ግን ለምለም ነው፣ ዝንብም ያረፈበት አይመስል። ፊቷ በእፍረት ጋለ። ሰው ሳያይባት የአባቷን ሁሉንም ነቅላ ማቃጠያው ውስጥ ከተተችው። ንዴቷ አልበርድ ሲላት ደወለች።

«አባባ፣ የእርስዎ ጉደኛ ዘር አንድ ቀን እንኳ አልቆመም! ይጣሉትና የገበያውን ይዝሩ።»

«ተርፋ ነበር እኮ፣ ልጄ...»

«በዕድሏ ነው የተረፈችው! ሥራዬን ሊያስተምሩኝ ነው?»

ሰው አባቱን እንዲህ አይናገርም። እሷ ተናገረች፤ ቀለል አላት።

አለቃዋ ሲመለስ፣ ለምለም የነበረው የገበያው በርበሬ በሁለት ቀን ውስጥ ቅጠሉን አራግፎ ግንዱ ብቻ ቀርቷል፤ እሷም ገና መንቀል ልትጀምር ነበር።

«በማግስቱ የደረቀ አልነበረም?» አላት።

«ነበር። አቃጠልኩት።»

ሳቀ፤ ያውም ከልቡ። «አንቺ ሴት፣ ስድስት ዓመት የፈለግኩት እሱን እኮ ነው! በዘሩ የሚወረስ ተከላካይ ጂን ያለው ተክል ጠላቱ ሲገባ ያውቀዋል። የገባበትን ቦታ ራሱ ገድሎ መውጫ ያሳጣዋል። ያኛው ግን መታመሙንም አያውቅ፤ ለምለም እንደሆነ ውስጥ ውስጡን ይበላል።» ሳቁን አቆመ። «ዘሩስ? ትንሽ አልቀረም?»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ከአመድ ግን ምን ይለቀማል? የቀረው አባቷ ጋ ያለው ብቻ ነው። ደወለች።

«አባባ፣ ያ ዘር...»

«ኧረ አታስቢ ዶክተሬ፣ እንዳልሽኝ አድርጌዋለሁ! ለዶሮዎቹ በተንኩት። የገበያውን ማሳው ሙሉ ዘርቼ ይኸው በቅሏል። ጎረቤቶቼንም አንቺ ያልሽውን ነግሬ አስዘራኋቸው። ለምለምነቱን መጥተሽ ባየሽልኝ!»

አለቃዋ ዓይን ዓይኗን እያየ በእጁ «ምን አሉ?» ይላታል።

«እሰየው፣ አባባ» አለች።