የተገለበጠው ሀርድ ዲስክ

ሲቀላ ገበያ አጠገብ ያለችው ፎቶ ቤት አንድ ሠራተኛ ብቻ ነው ያላት፤ ሀብተወልድ። ባለቤቱም፣ ካሜራማኑም፣ ኤዲተሩም እሱ ነው። ደንበኛ ተቆጥቶ ሲመጣ ደግሞ «ባለቤቱ የለም» የሚለውም እሱ ነው።

ኮምፒውተሩ የድሮ ዴስክቶፕ ነው። ሲነሳ የሚያሰማውን ጩኸት ሰምተው ጫሞ ሐይቅ ላይ ያሉ ጉማሬዎች መልስ ይሰጡታል እያለ ያወራል ሀብተወልድ። ርቀቱን የሚያውቅ ሰው ከተከራከረው «ነፋስ ሲኖር ነው» ብሎ ያስተካክላል። ጠዋት ማስነሻውን ተጭኖ ይወጣል፤ አሳ ለብለብ አዝዞ፣ አጥንቱን ለቃቅሞ፣ እጁን ታጥቦ ሲመለስ ስክሪኑ ገና «እንኳን ደህና መጡ» እያለ ይጠብቀዋል።

የጅምላ ነጋዴው የኸይሩ ልጅ ኑሀ ስትዳር ሠርጉን የቀረጸው ሀብተወልድ ነበር። ቀረጻውን ኮምፒውተሩ ላይ ጫነና የካሜራውን ሚሞሪ ለሌላ ሠርግ ብሎ አጠፋው። ከዚያ ወዲያ የኑሀ እናት ዙሁራ በደወለች ቁጥር «ኤዲት ላይ ነው» ይላታል። በቪዲዮ ቤት ቋንቋ ኤዲት ላይ ነው ማለት ገና አልተነካም ማለት ነው። ሠርጉ ኤዲት ላይ እንዳለ ኑሀ አረገዘች። ኤዲት ላይ እንዳለ ወለደች። ኤዲት ላይ እንዳለ የዙሁራ አባት ሞቱ።

ሽማግሌው ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰው ነበሩ። በዚያ ሠርግ ላይ ብቻ፣ ለልጅ ልጃቸው ዱዓ ሲያደርጉ፣ ሀብተወልድ ፊት ለፊታቸው ተንበርክኮ ቀርጿቸዋል። ከዚያ በቀር መልካቸውም ድምፃቸውም የትም የለም።

በዚያው ሰሞን ኮምፒውተሩ ቀጭ… ቀጭ… ማለት ጀመረ። ሀብተወልድ ሰሊሆምን ጠራት። ሰሊሆም ከደብረ ማርቆስ ለትምህርት መጥታ፣ በኮምፒውተር ተመርቃ፣ ሥራ እስክታገኝ እዚሁ እየጠገነች የምትኖር ልጅ ናት። ሲፒዩውን ስትከፍተው የወጣው አቧራ ኩልፎ ወንዝ ዳር ቢወሰድ አንድ መደብ ቲማቲም ያበቅል ነበር።

«ሀርድህ እየሞተ ነው ጋሼ» አለችው። «ባክአፕ አለህ?»

«እንዴታ!» ብሎ በሩን ደግፎ ወደያዘው የተቃጠለ ዩፒኤስ አመለከታት።

«እሱ የመብራት ነው። እኔ የምልህ የፋይል ነው፤ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ።»

«እሱስ የለም።»

ከሲጋራ ፓኮ የምትቀጥን፣ ኤስኤስዲ የምትባል አዲስ ሀርድ ገጠመችለት፣ ዊንዶውሱን እሷ ላይ ጫነች። አሮጌውን ሀርድ ከሆዱ አውጥታ፣ ገመዱ እንደተሰካ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። መሽቶባት ነበርና ፋይሎቹን ነገ አሻግራለሁ ብላ ሄደች። በነጋታው ግን ምዕራብ ዓባያ የሥራ ማስታወቂያ ወጥቷል ተብላ ማመልከቻ ልታስገባ በጠዋት ሚኒባስ ያዘች።

ዙሁራ የመጣችው የዚያን ዕለት ነው። ደንበኛ ፎቶ የሚነሳበት በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ቦርሳዋን እግሯ ሥር አኖረች።

«ኤዲቱን ተወው። አባቴን ብቻ አሳየኝ።»

«እትዬ ዙሁራ፣ ከሰዓት ብትመለሺ…»

«አልሄድም።»

ሀብተወልድ ኮምፒውተሩን አስነሳ። አሮጌው ሀርድ ቀጭ… ቀጭ… አለ።

«ምንድነው እሱ የሚጮኸው?»

«እየቆጠረ ነው።»

«ምኑን?»

«ሠርገኛውን።»

ዙሁራ ትንሽ አሰበች። «አዎ፣ ኸይሩ ያልጠራው ሰው አልነበረም» አለች።

የሠርጉ ፎልደር ስሙ ይታያል፤ ሲነኩት ይጠፋል። ቀጭታው እየፈጠነ መጣ። ሀብተወልድ «ኔትወርክ ውጭ ነው ያለው» ብሎ በረንዳ ወጣና ሰሊሆም ጋ ደወለ። ሚኒባስ ውስጥ ነበረች፤ ድምጿ ይመጣል ይሄዳል።

«ሰሊ፣ ቀጭ ቀጩ ጨምሯል። ፎልደሩም እምቢ ብሏል።»

«እኔን አትጠብቅ ጋሼ! ገልብጠው!»

«ምን?»

«አሮጌውን ገልብጠው! ሳይሞት ቶሎ ገልብ—»

ተቋረጠ።

እንግዲህ በሀብተወልድ ቤት ፋይል ኮፒ ይደረጋል፣ ሙዚቃ ይጫናል፣ ፊልም ይወርዳል። የሚገለበጠው ባጃጅ ነው። በእርግጥ ትምህርት ቤት ጠንከር ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ መምህሩ «ከሰሌዳው ገልብጡ» ሲሉ ይሰማ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን እሱ የሰው ማሳ ገብቶ ሙዝ እየቀጠፈ ነበር።

ገብቶ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ። የተማረ ሰው ያለው ነው ብሎ ልቡን አጠነከረ። ሀርዱን በሁለት እጁ ያዘና፣ መጥበሻ ላይ እንዳለ አሳ፣ ቀስ ብሎ ገለበጠው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ዙሁራ።

«ጀርባውን እያሳረፍኩት ነው።»

ቀጭታው ቆመ።

«ምነው ዝም አለ?»

«ቆጥሮ ጨረሰ» አለ፤ በውስጡ ግን ቀብሮታል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያ እምቢተኛ ፎልደር በራሱ ጊዜ ወለል ብሎ ተከፈተ።

ስልኩ ጮኸ።

«ገለበጥከው?» አለች ሰሊሆም።

«ገልብጬዋለሁ።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን። ሆዱ ወደ ላይ ነው።»



«ጋሼ… ኮፒ አድርገው ማለቴ እኮ ነው።»

«ታዲያ ኮፒ አትይም? አገር አማን ነው ብዬ ገለበጥኩት!»

«አሁን እንዴት ነው?»

«ጸጥ ብሏል። ፎልደሩ ተከፍቷል።»

«ተከፍቷል?» ድምጿ የሐኪም ድምፅ ሆነ። «እንግዲያው እንዳታቃናው። ተገልብጦ ሲቀመጥ ውስጡ ያለው ማንበቢያ ተመችቶት ይሆናል፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ሁሉንም አትሞክር፤ የሚያስፈልግህን አንድ ፋይል ብቻ አዲሱ ላይ ኮፒ አድርግ። አሁኑኑ!»

ፋይሎቹ ካሜራው ከሰጣቸው ቁጥር በቀር ስም የላቸውም። ሠርጉ እውነት ኤዲት ላይ ቢሆን ኖሮ የትኛው የቱ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ዙሁራ ከበርጩማዋ ተነስታ ከትከሻው ኋላ ቆመች።

«እውነቱን ንገረኝ። እየጠፋ ነው አይደል?»

«ነው» አለ ሀብተወልድ።

አልጮኸችበትም። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። «ዱዓው ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ምሳ እየተበላ ሳለ ነው። ሰዓቱን እይ። ያ፣ ረጅሙ። እሱ ነው።»

ኮፒው ተጀመረ። አረንጓዴዋ መስመር እንደ ጠገበ አዞ ተጎተተች። ውጭ ሙዝ የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ ጠረጴዛው ነዘረ፤ ሀብተወልድ በአንድ በኩል፣ ዙሁራ በሌላ በኩል ጥርቅም አድርገው ያዙት። በዚህ መሃል አንድ ሰውዬ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ብቅ አለ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጠረጴዛ አቅፈው ሲያይ ደፉ ላይ ቆመ።

«ጠረጴዛው ሊሄድ ነው እንዴ?» አለ።

«ባለቤቱ የለም» አለው ሀብተወልድ።

«ዝጋው በሩን!» አለች ዙሁራ። ሰውየው ዘግቶ ሄደ።

መስመሯ ዳር ደረሰች። አሮጌው ሀርድ አንዴ ጠለቅ ያለ «ኧ…» አሰማና ለዘላለም ዝም አለ። ጭፈራው፣ ኬኩ፣ ኸይሩ ወር ሙሉ የተለማመደው ንግግር፣ ሁሉም አብሮት ሄደ።

ሀብተወልድ አዲሷ ላይ ያለውን ፋይል ከፈተ።

ሽማግሌው ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ወጣ። ዙሁራ የራሷንም መዳፍ ዘረጋች፤ በየመሃሉ «አሚን» ትላለች። ሀብተወልድ የሚያየው አጥቶ የግድግዳውን ሶኬት አየ።

ዱዓው አለቀ። ሽማግሌው ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። ከዚያ ቀና አሉና በቀጥታ ካሜራውን አዩ።

«አንተ ልጅ፣ ስትንበረከክ ዋልክ እኮ። ምሳ በልተሃል?»

ሥዕሉ ግራና ቀኝ ተወዛወዘ። «አልበላሁም አባባ» የሚል የሀብተወልድ ድምፅ ተሰማ።

«የክርስቲያኖቹ በዚያኛው ድንኳን ነው። ተነስ፣ ሂድ ብላ! ሰው ሠርጌ ላይ ተርቦ እንዳይሄድ።»

ፋይሉ እዚያ ላይ አለቀ። ዙሁራ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ዞረችበት።

«እውነት አልበላህም ነበር?»

ሀብተወልድ ወደ ጥቁሩ ስክሪን አየ፤ የለመደው ውሸት አፉ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

«በሁለቱም ድንኳን በልቼ ነበር» አለ።

ዙሁራ አፏን ያዘች። ሳቁ ግን በጣቶቿ መሃል አመለጠ፤ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፣ እንባው እንደገና መጣ፣ እሱንም አልጠረገችውም።

«ድገመው» አለችው።