ነፋስ የከዳት ሽመላ

ሊቦር ከነጋ ጀምሮ መቀመጥ አቅቶታል። ከሰንደቁ ሥር ወደ አዳራሹ በር፣ ከበሩ ወደ ሰንደቁ ይመላለሳል። እላይ የተሰቀለችው የእጁ ሥራ ናት፤ በቼክ አገር የሞራቪያ የባንዲራ ወዳጆች ማኅበር አባላት ለዘንድሮ ጉባኤያቸው የመረጧት ሰማያዊ ባንዲራ፣ ከእንጨቱ በራቀው ጫፏ ላይ ነጭ ሽመላ ያለባት። ሠላሳ ዓመት የሰው ባንዲራ ሲያብጠለጥል ኖሮ የራሱ ስትሰቀል ይህ የመጀመሪያው ነው። ነፋስ ግን ጠፋ። ጨርቁ እንደ ራሰ ፎጣ ተንጠልጥሏል፤ ሽመላዋን እጥፋቱ ውጧታል።

«ተቀመጥ እንጂ! መሬቱን ልትቦረቡረው ነው?» አለችው ሚስቱ ያርሚላ። ሽመላዋን ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰፋችው እሷ ናት።

«ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው።»

ስድስት ሰዓት ላይ ጉባኤተኛው ሁሉ ደብተሩን አውጥቶ ባንዲራዋን ይስላል፤ በማኅበሩ መዝገብ የሚቀረው ያ ነው። የሚሳለውም ሰንደቁ ላይ የታየው ብቻ ነው። ይህን ደንብ ያወጣው ራሱ የፈረደበት ሊቦር ነው።

ብላዤና የምትባል የጎረቤት መንደር ሴት እርሳሷን እየቀረጸች መጣች። የመንደሯ ባንዲራ እዚያው ጎን ተሰቅላለች፤ ምልክቷ ከእንጨቱ አጠገብ ስለሆነ ያለ ነፋስም ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«አቶ ሊቦር፣ ሽመላዋ የት ገባች? ብርዱን ሸሽታ አፍሪካ ሄደች እንዴ?»

በአካባቢው የነበሩት ሳቁ። እሷ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ምን ብለው እንደጻፉልኝ ያስታውሳሉ?»

ሊቦር ክው አለ። «ባንዲራ የሚሠራው ነፋስ ለሌለበት ቀን ነው። ምልክቱን ጫፍ ላይ ያደረገ ሰው የሠራው የጠረጴዛ ልብስ ነው» ብሎ ነበር፣ ምልክቱን ጫፍ ላይ ያደረገችበትን የመንደሯን የመጀመሪያ ንድፍ ስትልክለት። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ቀላል ነው። የራሱን ግን ክረምቱን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሲስል አንድ ቀን እንኳ አንጠልጥሎ አላያትም።

ደወል ተደወለ። ስልሳ ሰው ሰማያዊ ፎጣ ሳለ። ሊቦርም ያንኑ ሳለ፤ ከሁሉ ይልቅ ያፈረው ያርሚላን ነው።

ደብተሮቹ ከመከደናቸው ነፋሱ መጣ። ጨርቁ ተዘረጋ፣ ሽመላዋ ክንፏን ከፈተች። ያርሚላ ብቻዋን አጨበጨበች።

«ታምራለች። ይሳሏት እንጂ» አለች ብላዤና።

«አይቻልም፤ ደንብ ነው።» እርሳሱን ኪሱ ከተተ።

«ያኔ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያውቃሉ?»

ሊቦር ቀና ብሎ ሽመላዋን አየ።

«ዛሬ አወቅሁ» አላት።