የባቄላው ድምፅ

በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ስንዴ የጫኑ ሁለት መኪኖች ከአልዩ አምባ በታች ካለች መንደር ደረሱና ሳይራገፉ ቆሙ። አብሯቸው የመጣው ፈረንጅ አላራግፍም አለ። ለምን ቢሉት፣ የአገሬ መንግሥት እህል የሚሰጠው ሕዝቡ ራሱ የመረጠው ሰው ሲያድለው ነው፣ ዲሞክራሲ እንዲህ ይለመዳል አለ። ይገርማል እኮ! የራበው ሰው መጀመሪያ ይማር ማለቱ ነው።

ለመንደሯ ሴት ለአፊፋ ነገሩ የሞት የሽረት ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ገብረ ጻድቅ የተረጂ ስም ሲጽፍ ቤቷን እየዘለለ፣ ልጇ ሰሊሃ በረሃብ ከመደብ መነሳት አቅቷታል። ጨው ነጋዴው ረሺድ ቢመረጥ ግን አይዘላትም፤ ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

የፈረንጁ አስተርጓሚ አንድ ጎጆ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት እንስራዎች አሳየ። ቀኙ የጓድ ገብረ ጻድቅ፣ ግራው የረሺድ። እየገባችሁ አንድ አንድ ባቄላ ጣሉ አለ።

«ማንም አያያችሁም፤ ነፃ ምርጫ ነው።»

ነፃ! አፊፋ ክው አለች። የበኩር ልጇ ዓወል በሰባ ዓመተ ምሕረት ሲገደል፣ «ነፃ እርምጃ ተወሰደበት» ነበር የተባለችው። ያኔም መጀመሪያ የሆዳችሁን ተናገሩ፣ ምንም አትሆኑም ተብሎ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ፈረንጁ ከገብረ ጻድቅ ጋር ሲሳሳቅ አየችና፣ ይሄማ የረሺድን ወዳጅ መልቀሚያ ነው አለች በልቧ።

ተራዋ ደርሶ ጎጆው ውስጥ ብቻዋን ገባች። ገብረ ጻድቅ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ባዶ እንስራ ደግሞ ይጮሃል፤ ባቄላው የቱ ጋ እንደወደቀ ጆሮ ያለው ይሰማል። እጇ ወደ ግራው ሄደ። ረሺድን ቢመርጡት በሳምንቱ ይወስዱታል፤ አምስት ልጆች አሉት። እጇን መለሰችና ቀኙ ውስጥ ጣለች።

ሲቆጠር ባቄላው በሙሉ ከቀኙ ወጣ። ግራው አንድም አልነበረበትም። ፈረንጁ ደስ ብሎት ገብረ ጻድቅን ጨበጠውና ስንዴው የሚራገፍበትን መጋዘን ቁልፍ ሰጠው።

አፊፋ ረሺድን ከሰው ነጥላ ይቅርታ ጠየቀችው፤ ላንተው ብዬ ነው አለችው።

«ወላሂ፣ እኔም የራሴን እዚያው ነው የጨመርኩት» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

ስንዴው ሲታደል የተረጂ ስም ተጠርቶ አለቀ፤ የእሷ አልተጠራም። ፈረንጁ ባዶ ከረጢት ይዛ ቆማ አያትና፣ ለምን እንዳልደረሳት በአስተርጓሚው አስጠየቃት። ገብረ ጻድቅ አጠገቡ ቆሟል።

«ደርሶኛል በለው» አለችና ከረጢቷን አጣጥፋ ወደ ሰሊሃ ሄደች።