ረጅም አባት

ሰሞኑን የጣለው ዝናብ በሸንኮራ አገዳው መሃል የሚያልፈውን መንገድ አረንቋ ስላደረገው፣ ኤርሚኒዮ መኪናውን አስፋልቱ ዳር ካለ ጎማ ጠጋኝ ደጃፍ አቁሞ የቀረውን መንገድ በሞተር ሄደ። ሞተሩን የላከለት ልጅ እንዲያይለት የጠራው ራዳሜስ ነው። ነጂው አጭር፣ አንገቱ ትከሻው ውስጥ የገባ፣ ጎልማሳ ሰው ነበር። «ሲሪያኮ እባላለሁ። ጠበቅ አድርገው ይያዙኝ ዶን፣ ያንሸራትታል» ካለ በኋላ እስከ ሜዳው ድረስ ትንፍሽ አላለም። ይህ ለኤርሚኒዮ ተስማማው። ባለሞተር ሁሉ ምላሱ ጤፍ በሚቆላበት አገር ዝምተኛ ማግኘት ዕድል ነው።

ኤርሚኒዮ ለአንድ የአሜሪካ ቤዝቦል ቡድን ልጆች የሚመለምል ሰው ነው። በወጣትነቱ ራሱም ተጫውቶ ነበር፤ ጉልበቱ ከዳው። ከዚያ ወዲህ እንጀራው በሳን ፔድሮ ዙሪያ ያሉትን ሜዳዎች እየዞረ፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላቸውን ልጆች እያየ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚለው «አይሆንም» ነው። አንድ ነገር ግን ይነገርለታል፤ ለወላጅ አይዋሽም። ሌሎቹ መልማዮች «እናስብበታለን» ብለው ስልካቸውን ሲያጠፉ፣ እሱ ፊት ለፊት «ልጅህ አይችልም፣ ትምህርት ቤት መልሰው» ይላል። በዚህ ምክንያት ስድብ ጠግቧል፣ ድንጋይም ተወርውሮበታል። ልማዱን ግን አልተወም።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ለዚህ ድፍረት እንኳ አያስፈልገውም። አንድ ልጁ ዳሪዮ በሞተር አደጋ ከሞተ ጀምሮ ኤርሚኒዮ ምንም አይሰማውም። ቀብሩ ላይ አለማልቀሱ ዘመድ አስደንግጦ ነበር። ሩዙም፣ ባቄላውም፣ የተጠበሰው ሙዝም እንጨት እንጨት ይለዋል፤ ቢሆንም ይበላል። ዛሬ ሞተር ላይ ሲወጣ ልቡ ምን ይል ይሆን ብሎ ጠብቆ ነበር። ምንም አላለውም።

አንድ ነገር ብቻ አልለቀቀውም። ዳሪዮ እንደ አገሩ ልጅ ሁሉ አባቱን ሲያገኘውም ሲለየውም፣ በስልክም ቢሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ «መርቀኝ አባባ» ነበር የሚለው። እሱም «እግዜር ይባርክህ» ይለዋል። አሁን መንገድ ላይ የሰው ልጅ አባቱን «መርቀኝ» ሲል በሰማ ቁጥር የኤርሚኒዮ ከንፈር ሳያስበው ይንቀሳቀሳል። ድምፅ አይወጣውም። ሰው እንዳያይበት አፉን በመሐረብ ይጠርጋል።

ራዳሜስ ሜዳው ጫፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ራዳሜስ ራሱን አሰልጣኝ ይላል፤ አገሩ ግን ደላላ ነው የሚለው። ልጆች ከየሰፈሩ ይሰበስባል፣ ያበላል፣ ያሠለጥናል፣ ለቡድን ሲፈርሙ ድርሻውን ያነሳል። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ እንዲሉ፣ ከኤርሚኒዮ ጋር የሚተዋወቁት ከጥንት ነው።

«ከስተዋል ዶን ኤርሚኒዮ። ባለቤትዎ ቀለብ ከለከሉዎት እንዴ?»

«ልጁን አሳየኝ።»

«ልጁንማ ያዩታል፣ የት ይሄዳል። መጀመሪያ ከአባቱ ጋር ላስተዋውቅዎ እንጂ።»

ይህ የሥራው ደንብ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ገና ተሠርቶ ያላለቀ ቤት ነው። ጣሪያው የት እንደሚደርስ ማወቅ የፈለገ መልማይ አባቱን ያያል፤ የአባትን ትከሻ፣ የመዳፉን ስፋት፣ የታላቅ ወንድምን ቁመት በዓይኑ ይለካል። በተለይ ልጁ፣ እንደ ዛሬው፣ ሯጮች ከሚረግጧቸው ቤዝ ከሚባሉ ማረፊያዎች በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የሚቆም ከሆነ። ከዚያ ሩቅ ቦታ ኳሱን ሳያነጥር አንደኛው ቤዝ የሚያደርስ ረጅም ክንድ ያስፈልጋል። ስለዚህ በየሰፈሩ የልጅ ተሰጥኦ ሲወራ አብሮ የአባት ቁመት ይወራል፤ አጭር አባት ያለው ልጅም በአባቱ ያፍራል።

«ሊሳንድሮ» አለ ራዳሜስ፣ አጠገቡ የቆመውን ሰው በአገጩ እያሳየ። ሊሳንድሮ የመብራት ምሰሶ ነው የሚያህለው። ከላስቲኩ ዛሬ የወጣ፣ እጥፋቱ ገና ያልለቀቀ ሸሚዝ ለብሷል። የዘረጋው መዳፍ የኤርሚኒዮን እጅ ዋጠው። ኤርሚኒዮ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየና ራሱን ነቀነቀ። ራዳሜስ ፈገግ አለ።

ልጁ ኤውዲ ይባላል። ጓንቱን ብብቱ ሥር ይዞ መጣ፤ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር፣ ቁመቱ መካከለኛ ቢባል ነው።

«ሜዳ ከመግባትህ በፊት፣ አባትህን ምርቃት ጠይቅ» አለው ራዳሜስ።

ኤውዲ ወደ ሊሳንድሮ ዞረ። ዓይኑ ግን የሰውየው ጫማ ላይ ነበር። «መርቀኝ አባባ።»

ይህች ምርቃት ታስባ የምትመጣ አይደለችም። አባት የሆነ ሰው ልጁ ቃሉን ሳይጨርስ ነው የሚመልሳት። ሊሳንድሮ ግን እጁን ኪሱ ከትቶ ገደል ማዶ የሚግጡትን ላሞች ያይ ነበር። በዚያች ክፍተት የኤርሚኒዮ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። አፉን ለመጥረግ መሐረቡን ሲያወጣ ዓይኑ አጥሩ ጋ፣ ሞተሩን ተደግፎ በቆመው ሲሪያኮ ላይ አረፈ። የሲሪያኮም ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር፤ ያለ ድምፅ። ወዲያው አጎንብሶ ከሞተሩ ሰንሰለት ላይ ጭቃ መጥረግ ያዘ።

«እ... እግዜር ይባርክህ ልጄ» አለ ሊሳንድሮ ዘግይቶ።

ኤርሚኒዮ መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ዝም አይነቅዝም ብሎ ወደ ሜዳው ገባ።

መጀመሪያ አስሮጠው። ሩጫው ደህና ነው፣ የሚያስደንቅ አይደለም። ቀጥሎ የኳስ መምቻውን ዱላ ራሱ አነሳ። ኳስ ለልጅ ሌላ ሰው ሲመታለት ቆሞ ማየት አይወድም፤ ደላሎች የት እንደሚመቱላቸው ያውቃሉ። የመጀመሪያዋን በቀጥታ ላከለት። ሁለተኛዋን ወደ ቀኙ አራቀበት። ሦስተኛዋ መንገድ ላይ ድንጋይ ነክታ ወደ ልጁ አገጭ ዘለለች። እንዲህ ሲሆን ሌላ ልጅ ፊቱን ነው የሚያዞረው። ኤውዲ እጁን ብቻ አዞረ፤ ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ገብታ ዝም አለች። እጁ አይቸኩልም። እግሩም ኳሱ ከመድረሱ በፊት ቦታውን ይዞ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ እጅ ኤርሚኒዮ ካየ ቆይቷል። በፊት ቢሆን ደስታው ከእግር ጥፍሩ ነበር የሚነሳው። አሁን ልክ መሆኑን ብቻ አወቀ፤ ወንበር አራት እግር እንዳለው ሰው እንደሚያውቅ።

ክንዱ ግን አይበቃም። ከሩቁ ቦታ ሲወረውር ክርኑ ዝቅ ይልና ኳሱን ከጎኑ በእጁ አንጓ ብቻ ያፈናጥረዋል። ኳሱ በትክክል ይሄዳል፤ ሊደርስ ሲል ግን ይደክማል። ቁመት ቢጨምር ይስተካከል ይሆን? አይመስለውም። ኤርሚኒዮ በዚያው በቆመበት በሐሳቡ ልጁን አንሥቶ ወደ ሁለተኛው ቤዝ አዛወረው። እዚያ ውርወራው ቅርብ ነው። እጅና እግር እንጂ ቁመት የሚጠይቀው የለም። ልጁ ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ጣት ባያድግ እንኳ ይወስደዋል። ይህን ለራዳሜስ አልነገረውም፤ ቢነግረው ዋጋው ሰማይ ይነካል።

የገረመው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሰፈር ሰው ኳስ እያየ ዝም ብሎ አያውቅም። ግንቡ ላይ የተደረደሩት ሽማግሌዎች ኳስ የሳተን ልጅ እስከ ሰባት ትውልዱ ነው የሚሳደቡት። ዛሬ ሁሉም አፋቸውን ለጉመው ተቀምጠዋል። አንዱ ብቻ «ሊሳንድሮ፣ ኮራ በል እንጂ» አለ፤ ጎኑ ያለው በክርኑ ጎሸም አደረገው።

ኤውዲ ዱላ ይዞ ሲመታ አንዷ ኳስ ተንከባላ አጥሩ ሥር ደረሰች። ሲሪያኮ አነሳትና መልሶ ወረወራት። ክርኑ ዝቅ አለ፤ ኳሱን ከጎኑ በእጁ አንጓ አፈናጠረው። ያው ክንድ ነው። ኤውዲም ኳሱን ሲቀበል ቀና ብሎ አላየም። ከየትኛው ከፍታ እንደሚመጣ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

ኤርሚኒዮ ወደ ልጁ ጠጋ አለ። «ኳሱን የመለሰልህ ማነው?»

ኤውዲ ራዳሜስን አየ። «ባለሞተሩ ነው።»

«ታውቀዋለህ?»

«በሰፈር አየዋለሁ።»

ሲሪያኮ ለመስማት በሚበቃ ርቀት ላይ ነበር። ልጁን አየውና፣ ትምህርቱን በደንብ ላጠና ልጅ እንደሚደረገው፣ ራሱን በቀስታ ነቀነቀለት። ኤርሚኒዮ ይህን ሲያይ አንጀቱ እስኪላወስ ጠበቀ። የሞተ ልጅ አባት ነው፤ እንዲህ ያለውን አይቶ ዝም ማለት ነውር መሰለው። አንጀቱ ግን ድንጋይ ሆኖ ቀረ።

«ታዲያስ አለቃ?» አለ ራዳሜስ ሲሰናበቱ።

«ማክሰኞ ለሐኪም አምጣው።»

«አባቱስ?»

«አባቱም መታወቂያውን ይዞ ይምጣ።»

«ወረቀቱ አንድ እንከን የለውም። በዚህ ልጅ ዕድሜ ላይ አሥር መርማሪ ይላኩበት።»

ይህ እውነት እንደሚሆን ኤርሚኒዮ አልተጠራጠረም። ቡድኖቹ የሚልኳቸው መርማሪዎች የሚያሳድዱት የተቀነሰ ዕድሜ ነው። ቁመት ሰረቀ ተብሎ የተከሰሰ ሰው የለም።

ሲመለስም ያንኑ ሞተር ተሳፈረ። በአገዳው መሃል ትንሽ እንደሄዱ ሲሪያኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታ ጀመረ።

«ልጁ እንዴት ነው ዶን? ከጠየቅኩ አይቀር ብዬ ነው።»

«እጁ ግሩም ነው። እግሩም። ክንዱ ደካማ ነው።»

«ያድጋላ። አባቱን አይተዋል።»

«አይቻለሁ» አለ ኤርሚኒዮ። «ኳስ ሲወረውርም አይቻለሁ።»

ሞተሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሲሪያኮ ወደ ኋላ አልዞረም። ጥቂት ሄደና መንገዱ ዳር፣ ደረቅ ቦታ ላይ አቆመ። ሁለቱም እንደተቀመጡ ቀሩ፤ ኤርሚኒዮ የሚያየው የሲሪያኮን ማጅራት ብቻ ነበር።

«ለማንም እንዳይናገሩ» አለ ሲሪያኮ።

«ማክሰኞ ይምጣ ብያለሁ፤ ቃሌ ቃል ነው።»

«እናቱ በወሊድ ነው የሞተችው። መታወቂያ አልነበራትም። እዚህ ሰፈር ግማሹ ልጅ ሳይመዘገብ ነው የሚያድገው፤ እኔም ነገ ዛሬ ስል ቆየሁ። ከዚያ ራዳሜስ መጣ። ያለ ወረቀት አይፈርምም አለኝ። ልናስመዘግበው ስንነሳ፣ ‹አይ፣ ካስመዘገብነው አይቀር ረጅም አባት እናስመዝግበው› አለ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።»

«በወረቀት ነው እንዴ?» ኤርሚኒዮ ለዛሬ ሙከራ ብቻ የተከራዩት አባት ነበር የመሰለው።

«በማኅተም። ልጁ የሊሳንድሮ ነው። የአባት ስሙም የሱ ነው፤ አሜሪካ ሲገባ ማሊያው ጀርባ ላይ የሚጻፈው እሱ ነው። እኔ የለሁበትም።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ቤት ውስጥም ራዳሜስ አባባ እንዳይለኝ ከልክሎታል፤ አፉን እንዳያስለምድ። ጠዋት ሲወጣ አይቶኝ ዝም ብሎ ይወጣል።»

አገዳው በነፋስ ይንሿሿል።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ዶን። እርስዎ ለወላጅ አይዋሹም ይባላል።»

«ይባላል።»

«በኔ ስም፣ በዚህ ቁመቴ፣ አጠገቡ ቆሜ ቢሆን ኖሮ ይወስዱት ነበር?»

መልሱ ኤርሚኒዮ አፍ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። እወስደው ነበር። በሦስተኛዋ ኳስ ላይ ወስጄዋለሁ፤ ሊሳንድሮ ድንክ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ይህን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለስንቱ አባት የነገረው ዓይነት ንጹህ እውነት ነው። የፊት ለፊቱን ማጅራት አየ። ዳሪዮ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አመመው።

«አልወስደውም ነበር» አለ።

ሲሪያኮ ትከሻው ወረደ። ረጅም ትንፋሽ አወጣ።

«ተመስገን» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ እሱን ነበር የማስበው። መዝገብ ቤት የሄድን ዕለት እኮ መንገድ ላይ ሞተሬን አዙሬ ልመለስ ነበር። ልጄን አልሰጥም ብዬ። ራዳሜስ ነው ለምኖ ያስቀጠለኝ። ተመልሼ ቢሆን ኖሮ ልጁን አጥፍቼው ነበር ማለት ነው።»

አሁን ዞሮ ኤርሚኒዮን አየው። ዓይኑ ውስጥ ደስታ ነበር፤ ደስታውን የሚያጸናለት ቃል ይጠብቃል።

«አዎ» አለው ኤርሚኒዮ። «ታጠፋው ነበር።»

ሲሪያኮ ሞተሩን አስነሳ። እስከ አስፋልቱ ድረስ ስለ ልጁ እጅ እያወራ ሄደ፤ ኤርሚኒዮም ከኋላው ሸሚዙን ጨምድዶ ይዞ «አዎ፣ አዎ» ይለው ነበር።