ገጽ ስልሳ ሦስት ላይ የተገኘው ነውር

ሁለቱ እናቶቼ እርስ በርስ ስለመሠረቱት የአርባ ዓመት ትዳር የጻፍኩትን መጽሐፍ አንድ የኢንተርኔት መደብር «ለአዋቂዎች ብቻ» ብሎ ደበቀው። እናቴ ዶሎሬስ ሰማንያ ሊሞላት ነው፤ ሳትሞት መጽሐፉን እዚያ ማየት ትፈልጋለች። መደብሩ ላይ ስሟን ጽፋ ስትፈልግ ግን፣ ዶሎሬስ በስፓኒሽ «ሕመም» ማለት ነውና፣ የሚመጣላት የቁርጥማት ቅባት ነው።

ሕዝቡ በፌስቡክ ቢያብጠለጥለው መደብሩ እኛ ወደምንኖርባት በረዷማ ከተማ ወደ ዱሉት መርማሪ ላከ። ሰውየው ሳሎናችን ተቀምጦ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አነበበው።

«እስቲ ነውሩን አሳየኝ ልጄ» አለችው ዶሎሬስ፤ «እኔም አርባ ዓመት ስጠብቀው ነበር።»

«አታፍሪም?» አለቻት ሌላዋ እናቴ ዊኒ።

«ገጽ ስልሳ ሦስት» አለ መርማሪው፤ «መንገድ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዛችኋል።»

«በረዶ ላይ እኮ ነው! ባልይዛት ወገቧ ይሰበር ነበር!» አለች ዶሎሬስ።

ሰውየው ብዙ አሰበና ስልኩን ነካካ። ዶሎሬስ ስሟን ስትጽፍ መጽሐፉ ከች አለ፤ «የበረዶ ላይ ስፖርት» በሚለው ክፍል።

«ዊኒ፣ ስፖርተኞች ሆነናል!» ብላ ጮኸች።